ጆሮ የማይሰማው ፍንዳታ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ለጠፋሁበት ጊዜ ምክንያት አልደረድርም፤ ብትቆጣም እችለዋለሁ። መጨረሻ ስንገናኝ የጠየቅኸኝ ግን አሁንም በልቤ አለ፤ «ሰው በሌለበት ደሴት ተራራ ቢፈነዳ ማን ይሰማዋል? ሳተላይት እያለስ መሬት ላይ መሣሪያ መትከል ለምን አስፈለገ?» ብለኸኝ ወሬው በዚያው ተቋረጠ።

ሳተላይት ቁልቁል ሲመለከት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ደመና ነው። ድምፅን ደግሞ ደመናም ሌሊትም አያግደውም። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከሚያወጣው ድምፅ አብዛኛው ከ20 ኸርዝ በታች፣ ማለትም በሰከንድ ከ20 ንዝረት በታች፣ ስለሆነ ለጆሯችን አይደርስም፤ ኢንፍራሳውንድ የሚባለው እሱ ነው። ቀጭኑን ድምፅ አየሩ ቶሎ ይውጠዋል፣ ይህን ወፍራሙን ግን እምብዛም አይጎዳውም። ከፍ ብሎ ያለው ነፋስ ከተስማማው ወደ ምድር እየታጠፈ ሺህ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ1883 የኢንዶኔዥያው ክራካታው ሲፈነዳ የግፊቱን ሞገድ በብዙ አገር የነበሩ ባሮሜትሮች (የአየር ግፊት መለኪያዎች) መዝግበውታል፤ በ2022 የቶንጋው ሁንጋ ሲፈነዳም ሞገዱ ምድርን ደጋግሞ ዞሯል።

የሚያደምጠው መሣሪያ ማይክሮባሮሜትር ነው፤ እጅግ ጥቂት የሆነ የአየር ግፊት ለውጥ ይለካል። አንዱ ብቻውን ብዙ አይረባም። አራትም ከዚያም በላይ ሆነው ተራርቀው ይተከሉና ሞገዱ የትኛው ዘንድ ቀድሞ እንደደረሰ ታይቶ የመጣበት አቅጣጫ ይሰላል። ትልቁ ጠላታቸው እዚያው መሬት ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ ጫጫታው ሞገዱን ይሸፍንባቸዋል። የኑክሌር ሙከራን ለማገድ በ1996 በወጣው ስምምነት መሠረት 60 እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ታቅደው አብዛኞቹ ተተክለዋል። ለቦምብ የተዘረጋው ጆሮ እሳተ ገሞራ ሲያደምጥ መዋሉ ደስ ይለኛል! በ2011 የኤርትራው ናብሮ ሲፈነዳ የጅቡቲው ጣቢያ ሰምቶታል።

ለጥያቄህ የሚሆነው እውነተኛ ምሳሌ ግን ቦጎስሎፍ ነው፤ በአላስካ የአልዩሽን ደሴቶች መካከል ያለ፣ አብዛኛው አካሉ ባሕር ውስጥ የተቀበረ ተራራ። ከ2016 መጨረሻ እስከ 2017 ነሐሴ ድረስ ከ70 ጊዜ በላይ ሲፈነዳ ደሴቱ ላይ አንድም መሣሪያ አልነበረም። የአላስካ እሳተ ገሞራ ታዛቢዎች በአጎራባች ደሴቶች ባሉ ማይክሮፎኖችና የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች፣ በመብረቅ መረጃና በሳተላይት እየታገዙ ተከታተሉት። ያገኙት ደግሞ ከፍንዳታ ያለፈ ነው። ከውኃው ሥር የሚወጡት ግዙፍ የጋዝ አረፋዎች ሲያብጡና ሲሰበሰቡ የሚያሰሙትን ድምፅ ቀዱ፤ አንዳንዱ አረፋ ወርዱ ከ100 ሜትር በላይ ነበር። በአመዱ ደመና ውስጥ የሚጮኸውን ነጎድጓድም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ለዩት።

ይህን ሁሉ ካልኩህ በኋላ ድክመቱን ብደብቅህ አንተው ታገኘዋለህ። ድምፅ በሰዓት 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ጣቢያው 600 ኪሎ ሜትር ከራቀ ወሬው የሚደርሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ ጊዜ አንድ ጄት 450 ኪሎ ሜትር ይበራል። በ1989 ታኅሣሥ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አውሮፕላን በአላስካ ከሬዳውት ተራራ የወጣ አመድ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተው ነበር። ሞተሮቹ እንደገና የተነሡት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ ጣቢያ ወደ ተራራው በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ሌላም አለ፤ ነፋሱ ድምፁን ወደ ሌላ አቅጣጫ ከወሰደው ጣቢያው ምንም ላይሰማ ይችላል፤ ዝም ማለቱ ተራራው ተኝቷል ማለት አይደለም። አመዱ ምን ያህል ከፍ እንዳለም በድምፅ ብቻ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ለዚያ ሳተላይቱ ያስፈልጋል። አንዱ ሌላውን ይተካል የሚል ሰው ካጋጠመህ አትመነው።

ይኸው ነው መልሴ። ካልጠገብክ በሚቀጥለው ስለ ነፋሱ ማጣሪያ ቱቦዎች እጽፍልሃለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አንተም ስለ ጤናህና ስለ ሥራህ ጻፍልኝ፤ እናትህን ሳምልኝ።

ወንድምህ