የሠርጉ ገንዘብ፣ የእናቴ የደም ግፊትና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቀረውን ሰላምታ በስልክ እናደርሳለን። ለእህቴ ሠርግ 600 ዶላር በባንክ ልኬያለሁ። በሰው እጅ ቢልከው ይሻል ነበር የሚል ካለ፣ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ የባንኩም ደህና ነው በይው። አነሰ የሚል ካለ ደግሞ አትመልሺለት።

"ድምፁ ጠፋ" ብለሽ መከፋትሽን ሰምቻለሁ። አልታመምኩም፤ ሥራም አልለቀቅኩም። እዚህ ቨርጂኒያ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሰልችቶኝ ነበር። ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ሰዓት ማየት። ብደውል ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ስላለፈ ነው የምነግርሽ።

ከዚያ ያወጣችኝ አብራኝ ሌሊት የምትሠራ የኤልሳልቫዶር ሴት ናት። (ሌላ ነገር እንዳታስቢ፤ ባልም ልጆችም አሏት።) በዚህ አገር ሕግ አዲስ የአረጋውያን ረዳት የሙያ ፈተናውን ሳያልፍ መሥራት የሚችለው 4 ወር ብቻ ነው፤ እሷም ገና አላለፈችም ነበር። እጇ የተባረከ ነው፤ አዛውንቶቹ እሷ ስታነሳቸው አይጮኹም። ፈታኝ ፊት ስትቆም ግን ትርበተበታለች። የመጀመሪያውን ፈተና የጣሏት የዊልቸሩን ፍሬን ሳትይዝ በሽተኛውን ልታስቀምጥ ስትል ነው።

እናም ከሥራ ስንወጣ ባዶ ክፍል እንገባለን። እኔ በሽተኛ ሆኜ እተኛለሁ። የልብ ምቴን አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች፤ ቁጥሯ ከፈታኟ ከ4 በላይ መራራቅ የለበትም። አንጓዬን ይዛ፣ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ተክላ፣ በስፓኒሽ ስታንሾካሹክ ብታዪያት ድግምት የምትደግም ይመስልሻል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ በር ላይ ሆነው ያዩናል። ፍሬኑን የረሳች ሲመስላቸው "ብሬክ!" ብለው ይጮሃሉ። በጠዋት መነሳት የጀመሩት ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን "ሸሚዝ ስናለብስ ለምን ከደካማው እጅ እንጀምራለን?" አለችኝ። ደካማው እጅ አይታጠፍም፤ መጀመሪያ እሱ ከገባ ደህናው ራሱ ይከተላል አልኳት። እኔ እኮ ይህን ሳላስበው ነበር የምሠራው። በማግስቱ አንዲት እናት ሳለብስ ቀስ አልኩ። እሳቸውም ሳቁልኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ይቀለኛል።

ባለፈው ሳምንት አለፈች! የራሴን ሳልፍ እንዲህ አልጨፈርኩም። ፑፑሳ ጋግራ አመጣችልን፤ ሆዱ ውስጥ አይብ ያለበት የበቆሎ ቂጣ በይው። ሽማግሌው ሁለቱን በሉ።

አሁን ወዳንቺ። ግፊትሽ ከፍ ብሏል አሉኝ። አውቅሽ የለ፣ ቡናሽን ጠጥተሽ፣ ዳገቱን ወጥተሽ፣ እንደደረስሽ ነው የምትለኪው። ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። 5 ደቂቃ ቁጭ በይ። ክንድሽ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ሲለኩሽ አታውሪ፤ ይሄኛው እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ኪኒኑን ግን "ዛሬ ተሽሎኛል" ብለሽ እንዳታቋርጪ፤ እኔን ከወደድሽ። የሰው እናት ስለካ እያደርኩ ያንቺን በወሬ መስማቴ ያንገበግበኛል።

ለሠርጉ አልመጣም። ምክንያቱን ለጋሼ ነግሬዋለሁ፤ አንቺ አትጠይቂኝ። ሚዜዎቹን በር ላይ የምከለክላቸው እኔ ነበርኩ። ያንን ለአጎቴ ልጅ ስጡት፤ ግን ቶሎ እንዳይለቅላቸው። እህቴ ስትወጣ አታልቅሺ ብልሽ አትሰሚኝም፤ እኔም እዚህ ማልቀሴ አይቀርም።

እናንተ ጋ ስድስት ሰዓት ላይ ሙሽራው ሲመጣ እዚህ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። የዚያን ሌሊት ፈረቃዬን ያቺው ሴት ትሸፍንልኛለች። ስለዚህ በቪዲዮ ደውሉ፤ ስልኩን የሚይዘው ሰው ጠጅ እንዳይቀምስ።

ልጅሽ