ቀይዋ የዘይት መብራት ስትበራ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ብዙዎቻችሁ የቆየች መኪናችሁን "የዘይት መብራት በራ" ብላችሁ ስታመጡ ለምን ግማሽ ቀን እንደምናስቀራት ትጠይቁናላችሁ። "ሴንሰር ቀይራችሁ ስጡኝ፣ ሥራ አለብኝ" የምትሉንም አላችሁ። (ሴንሰር የምንለው የዘይቱን ግፊት እያየ መብራቷን የሚያበራት ትንሽ ዕቃ ነው።) ድሮ እንደዛ እናደርግ ነበር። አሁን ትተነዋል። የተውነው ደግሞ ራሳችን ተሳስተን ስለሆነ፣ እሱን ብንነግራችሁ ይሻላል።

ሰኔ ላይ አንድ ጋሼ የምንላቸው ደንበኛችን ኮሮላቸውን ይዘው መጡ። የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ናት፣ ባለ 1.6 ሊትር፣ ፎር ኤ የሚባለው ሞተር ያላት። "ጠዋት ከቤት ስወጣ ምንም የላትም። መገናኛ ስደርስ ቀይዋ ብልጭ ብልጭ ትላለች። አቁሜ ቡና ጠጥቼ ስመለስ ደግሞ ድርግም ብላለች" አሉን። የዘይቱን መጠን አየን፣ ልክ ነው። "ጋሼ፣ ሴንሰር ነው" አልናቸው፣ ቀየርን፣ ሸኘናቸው። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። መብራቷ እንደገና ጀምራለች፣ አሁን ደግሞ ከላይ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ተጨምሯል።

"ቡና ጠጥቼ ስመለስ" ያሏት ነገር ውስጥ መልሱ ነበር። እኛ ነን ጆሮ ያልሰጠናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ባለው ቋት ውስጥ ይቀመጣል። ፓምፑ በአንድ ወንፊት በኩል መጥጦ ወደ ፊልትሮው ይልከዋል፣ ከዚያ በቀጫጭን መንገዶች ወደ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ቤሪንጎች፣ ማለትም ዘንጉ ወደሚሽከረከርባቸው ማረፊያዎች፣ እና ወደ ላይ ወደ ቴስታታው ይሄዳል፣ ሥራውን ሲጨርስ በቀዳዳዎች ወርዶ ቋቱ ውስጥ ይመለሳል። ቀይዋ መብራት የምታየው ግፊቱን ነው እንጂ ዘይቱ ስንት ሊትር እንደሆነ አታውቅም። ያውም የምትበራው ግፊቱ ወደ 0.3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ሲወርድ ነው፤ ይሄ ማለት የለም ማለት ይቀላል። ስለዚህ መብራቷ ስለጠፋች ብቻ ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ለዚህ ነው አሁን ከሁሉ በፊት ሴንሰሩን ፈትተን በቀዳዳው የግፊት መለኪያ የምናስረው። ሞተሩ በደንብ መሞቅ አለበት፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ያታልላል። ግማሽ ቀኑ የሚሄደውም እዚህ ላይ ነው። የጋሼ ዓይነት ሞተር ሲሞቅ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ቢያንስ 0.3 ባር፣ በደቂቃ በ3,000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ባር ማሳየት አለበት። የእሳቸዋ መጀመሪያ 2 ደረሰች። እግራችንን ሳናነሳ ስንጠብቅ ግን ቀስ እያለች ወርዳ ከ1 በታች ገባች።

ቁም ነገሩ ያለው በዚህ አወራረድ ነው። ቤሪንጎቹ ተበልተው ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ሲሠራ ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ይነሳል። የፓምፑ ግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ክፍት እንደሆነ ተጣብቆ ቢሆን ደግሞ ዙሩ ቢጨምርም ባይጨምርም ግፊቱ ደካማ ነው። ዙሩ ሳይቀንስ ግፊቱ ከወረደ ግን ፓምፑ የሚጠጣው አጥቷል፣ አፉን የሆነ ነገር ዘግቶታል ማለት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ መምጠጡ ይቆማል፣ ወንፊቱ ላይ የተለጠፈው ቆሻሻ ተላቆ ይወርዳል፣ መብራቷም ለጊዜው ድርግም ትላለች። የጋሼ ቡና ማለት ይሄ ነው።

የማርሚታውን የፊት ቧንቧ ፈትተን ቋቱን አወረድነው። ሞተሩ ከቦታው አልተነሳም። ወንፊቱ ላይ ጥቁር አተላ አለ፣ አተላው መሀል ደግሞ እንደ ትል የተጠቀለለ የደረቀ ሲሊኮን። ከዚህ በፊት ቋቱን የዘጋው ባለሙያ ሲሊኮኑን ሳይሰስት ቀብቶታል፣ ቋቱን ሲያጠብቀው የተረፈው ወደ ውስጥ ገብቷል። (መዝገባችንን አገላብጠን እኛ አለመሆናችንን ስናይ ትንሽ ተነፈስን።) አተላው ግን የሲሊኮን ጥፋት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና በትራፊክ ቆማ ሰዓታት ትሠራለች፣ ኪሎ ሜትሩ ግን ብዙም አይቆጥርም። አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ደግሞ በደንብ ሳትሞቅ ትጠፋለች፣ እርጥበቱ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ነው ለቆዩ ሞተሮች በ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በስድስት ወር፣ ቀድሞ በደረሰው ቀይሩ የምንለው።

ወንፊቱን ቀየርን፣ ጋስኬቱንም (የመገጣጠሚያውን ማሸጊያ) አብረን፤ እሱ ካፈሰሰ ፓምፑ አየር ይስባልና ቀይዋ እንደገና መብራቷ አይቀርም። ቋቱ ክፍት እያለ አንድ ቤሪንግ ፈትተን አየን፣ ደህና ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይትና ፊልትሮ ድጋሚ ቀየርን፣ የቀረው ቆሻሻ እንዲወጣ። አሁን ሞቃ በ3,000 ዙር 3.2 ባር ታሳያለች፣ ቀጭ ቀጩም ጠፍቷል። የሴንሰሩን ሂሳብ ለጋሼ መልሰናል።

ሁሌ እንዲህ አይቀናም። አንድ ሚኒባስ በዚሁ መለኪያ ስንለካው ቤሪንጎቹ ማለቃቸው ታወቀ፣ ሞተሩ ወርዶ መታደስ ነበረበት። ባለቤቱ ከእኛ በፊት ግፊቱ እንዲነሳ ወፍራም ዘይትና ማወፈሪያ አስጨምሮ ነበር። መብራቱ ጠፋለት፣ መበላቱ ግን አልቆመም። ወንፊት በተዘጋበት ሞተር ላይ ደግሞ ማወፈሪያ ይብሳል፤ በጠዋት ብርድ ያ ወፍራም ነገር በየት በኩል ይግባ? በአተላ በተሞላ የቆየ ሞተር ላይ ማጠቢያ ኬሚካል ማስገባትንም እኛ አንወደውም። አተላውን በትልልቁ ይቆርሰውና ወንፊቱ ላይ ይከምረዋል።

መብራቷ መንገድ ላይ ብትበራ "እቤት ልድረስ" አትበሉ። ጥግ ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ሜዳ ቦታ ላይ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ዘይቱን ለኩ። ከጎደለ ሙሉትና ሞተሩን አስነሱ፤ መብራቷ ወዲያው ካልጠፋች ሞተሩን አጥፉና ደውሉልን። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ከበራች ግን ጭራሽ አታስነሷት። የመጎተቻ ሂሳብ ያበሳጫል፣ እናውቃለን፣ ከክራንክሻፍት ግን ይረክሳል።

መለኪያውን ለማሰር ትንሽ እናስከፍላለን፣ ጥገናውን እኛ ጋ ካሠራችሁ ከሂሳቡ ይቀነሳል። ውጤቱን ጽፈን እንሰጣችኋለን፣ ሌላ ጋራዥ ልትወስዱትም ትችላላችሁ። አንድ ነገር ብቻ እንለምናችሁ፦ ከመምጣታችሁ በፊት ዘይት አታስቀይሩ። አሮጌውን ማየት እንፈልጋለን።

የጋሼ ወንፊት ከነሲሊኮኑ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትመጡ እዩት።

ከጋራዡ ልጆች