ቮልስና ቪትዝ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ስለሄደና እዚሁ አገር ውስጥም ስለሚገጣጠም «ከቮልስ እስከ ቪትዝ» ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ ወደ ብረት ዋጋ ይወርዳል ያላችሁበትን ዘገባ አነበብኩ። ያነበብኩት እኔ ብቻ ብሆን ዝም ባልኩ ነበር። ጋራዤ የመጣ አንድ ገዢ ግን ስልኩን አውጥቶ ዘገባችሁን እያሳየ የ1968 ሞዴል ቮልሴን በጠራው ዋጋ ቆራሌው እንኳ አፍሮ ይመለስ ነበር።

ስለ ቪትዝ ብዙ አልከራከርም። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ለሚመላለስ ሰው ቻርጅ የሚደረገው መኪና ጥሩ አማራጭ ነው፤ የነዳጅ ሰልፍ የመረረው ወደዚያ ቢያደላ አይፈረድበትም። እዚህም ላይ ቢሆን ግን ግማሹን ዘላችሁታል። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው። ጥር 2016 ላይ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። ስለዚህ በእጃችን ያለው የነዳጅ መኪና ተተኪ የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አዲሱ መኪና የሚመጣው በዶላር ነው። አዲሱ ሲወደድ አሮጌው በምን ተአምር ብቻውን ይረክሳል? ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚስት መሆን አያሻም፤ ስም ማዞሪያ ወረፋ ላይ ሊብሬ ይዞ ግማሽ ቀን መቆም ይበቃል።

እኔን ያንገበገበችኝ ግን ቮልስ ናት። ከማን ጋር ተወዳድራ ነው የምትረክሰው? የመጨረሻዋ በፈረንጆቹ ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ካለው ፋብሪካ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ይቀንሳሉ እንጂ አይጨምሩም። አዲስ ምርት አሮጌውን ያረክሳል የምትሉትን ደግሞ ራሱ ቮልስዋገን ሞክሮታል። በፈረንጆቹ 1997 ሞተሩን ከኋላ ወደ ፊት አዙሮ፣ ራዲያተር ጨምሮ «ኒው ቢትል»፣ አዲሷ ቮልስ እንደማለት፣ ብሎ አወጣ። የዚያ ዘር ምርት 2019 ላይ ቆመ። አሮጊቷን ግን ዛሬም የሚፈልጋት አልጠፋም።

አዲስ ምርት ቮልስን የሚነካት በመለዋወጫ በኩል ነው። ፒስተን፣ ፍሪሲዮን፣ ካርቦሬተር ዛሬም ውጭ አገር አዲስ ይሠራል። ያ ባይኖር ኖሮ እውነትም ብረት ነበረች፤ ዕቃው ስላለ ትነዳለች፣ ስለምትነዳ ትሸጣለች። የሚገርመው ደግሞ አዲሱ ዕቃ ሲበዛ ኦርጅናሉ ይበልጥ መፈለጉ ነው። በቅርቡ አንድ ደንበኛዬ ከነካርቶኑ ያለውን አዲስ ካርቦሬተር ትቶ፣ ከፈረሰች መኪና የወጣ ጀርመን ሠራሽ ሶሌክስ መረጠ። ጥቀርሻው ገና አልተጠረገም፤ ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ስም በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ በዛ ሳይል ከአዲሱ ጨምሮ ከፈለና ሄደ። ዘጋቢያችሁ ይህን ቢያይ «የገበያ መዛባት» ይለው ይሆናል።

ያናገራችሁትስ ማንን ነው? ደላላና አስመጪ። ደላላው ዋጋ ወረደ ተብሎ ሲወራ ይገዛል፤ አስመጪው አዲሱን መሸጥ ይፈልጋል። እሰየው፣ ምስክር ማለት እንዲህ ነው! መካኒክ፣ ባትላሜ፣ ጎሚስታ የሚባል ሕዝብ ግን በዘገባችሁ ውስጥ የለም። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ እስክትደርሱ ደከማችሁ መሰለኝ።

ለእኔ ነገሩ የወሬ ብቻ አይደለም። ቮልሷ ቆማ ሳለ ሚኒባስ ከኋላ ገጭቷት አንድ የመድን ድርጅት የላከው ገማች መኪናዋን ሳይከፍት፣ ዕድሜዋን ብቻ ቆጥሮ ሄዷል። የገመተው የባትላሜውን እንኳ አልሸፈነም። ከእንግዲህ ደግሞ ጋዜጣ ጠቅሶ ሊመጣብኝ ነው። ስለዚህ ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ የዘገባውን ያህል ቦታ ስጡት፤ ውስጥ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል የተወሸቀ ማረሚያ ለገማች አይታየውም።

የጋራዥ ባለቤት
ከአዲስ አበባ