የድሮውን ትራንስፎርመርስ ከማውጣታችሁ በፊት

ውድ አባላት፣

በሚቀጥለው ዙር የምናነበው ማርቬል ያሳተመውን የሮቦቶች የሥዕል ታሪክ (ኮሚክ) መጽሔት፣ ትራንስፎርመርስን ነው። በ1984 (እ.ኤ.አ.) በአራት እትም እንዲያልቅ ታስቦ ተጀመረ፤ እስከ 1991 ቀጥሎ 80 ደረሰ። የመጨረሻው እትም ሽፋን ላይ አሳታሚዎቹ ራሳቸውም በዚህ ቀልደዋል።

ቁጥር 33 እና 34 ከእንግሊዙ እትም፣ 43 ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ካርቱን የተወሰዱ ናቸው፤ ቢዘለሉም የታሪኩ ክር አይበጠስም። ከ5 እስከ 55 ያለውን በአብዛኛው የጻፈው ቦብ ቡዲያንስኪ ነው፤ ከ56 ጀምሮ ሳይመን ፈርማን ተረክቦታል። ጊዜ ያጠረው ከ56 ይጀምር፣ በእኛ እምነት ምርጡ እዚያ ነው። ጥራዝ (እትሞቹ ተሰብስበው የታተሙበትን መጽሐፍ) የምትገዙ፣ ቁጥር 3 መኖሩን አረጋግጡ፤ ስፓይደርማን ስላለበት በመብት ጉዳይ ከአንዳንዱ ጥራዝ ወጥቷል።

የያኔውን ቅጂ የምታመጡ እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። የውስጡ ገጽ የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ አሲድ ስላለበት ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ይቢጫል፣ ጠርዙም እንደ ደረቅ ቅጠል ይፈረፈራል። መጽሔቱን ጠረጴዛ ላይ ለጥ አድርጋችሁ አትክፈቱት፤ መጀመሪያ የሚቀደደው ሽፋኑ ነው፣ እሱም ሁለቱ የስቴፕለር ሽቦዎች ጋ። ሽቦው ከዛገ አትንቀሉት፣ ወረቀቱ አብሮ ይነሳል። የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ወደ ሥዕሉ ይሰርጋል። ለማስቀመጫ ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢትና ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን ይበቃል። ለስላሳው የፒቪሲ ፕላስቲክ ግን ቀለሙ ላይ ይጣበቃል። ሣጥኑን ከወለል አንሱት፣ መጽሔቶቹንም አቁሟቸው።