ለአዋላጇ፣ ለዳኛዋና ለመሐንዲሷ

ከሁሉ አስቀድሞ እዚህ ላደረሰኝ ለመድኃኔዓለም ክብር ምስጋና ይግባው። ቀጥሎ እናቴ አለች። የእሷን ግን በአደባባይ ጽፌ አልጨርሰውም፤ ማንበብም ስለማትችል ቤት ገብቼ ጉልበቷን ስሜ ነግሬያታለሁ። ይህ መልእክት በ2014 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም፣ ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥታችሁ አንድ ከሰዓት ላነጋገራችሁን ለሦስታችሁ ነው። ስማችሁን ሳላስፈቅድ አልጠራም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቅ ቀበሌ መጥቼ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ዓርብ ከትምህርት ስንወጣ ወደ ቤት፣ እሑድ ደግሞ እንጀራና ሽሮ ተሸክሞ መመለስ። ረቡዕ ላይ እንጀራው ይሻግታል፤ ሻጋታውን እያነሳን እንበላለን። ሐሙስ በሶ ነው። ጎጃም ውስጥ ቤት ተከራይቶ የተማረ የገጠር ልጅ ሁሉ ስለሚያውቀው አላራዝመውም።

ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የሁለት ሴቶች ፎቶ ተለጥፎ ነበር። አንዷ ባሕር ዳር የተወለዱት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ናቸው። ሌላዋ የራሳችን የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ ሳይንቲስቷ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ። ማየቱ ያኮራል፣ አልዋሽም። ግን ረቡዕ ማታ ያን እንጀራ ይዤ ስለ እነሱ አስቤ አላውቅም። ከሌላ አፈር የተሠሩ ይመስሉኝ ነበር።

«እንግዶች ይመጣሉ» ሲባልም የተለመደው ነው ብዬ ነበር። «በርቱ፣ አገር ተረካቢዎች ናችሁ» ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ክፍል ይገባል።

እርስዎ፣ አዋላጇ፣ መጀመሪያ ተነሡ። ምንም ሳይናገሩ ከቦርሳዎ አንድ እሽግ ሞዴስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኛ ሴቶቹ መሬት መሬት አየን። እርስዎ አልተቆጡም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና «እናታችሁ የወር አበባ ባታይ ኖሮ ዛሬ እዚህ ተቀምጦ የሚስቅ አይኖርም ነበር» አሏቸው። ጸጥ አለ። ከዚያ ሰባተኛ ክፍል እያሉ ቀሚስዎ ቆሽሾ፣ ወገብዎ ላይ ሹራብ አስረው ወደ ቤት እንደሮጡና ሦስት ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤት እንዳልተመለሱ ነገሩን። እኔ በየወሩ አራት ቀን እቀር ነበር። ለመምህሩ «ሆዴን አሞኝ» ነው የምለው። ሞዴስ መግዣ ስለሌለን ንጹሕ ጨርቅ አጥፈን እንዴት እንደምንሰፋና ፀሐይ ላይ እንደምናሰጣ አሳይተውን ሄዱ። ያን ጨርቅ የሰፋሁበት መርፌ እስካሁን አለኝ።

እርስዎ፣ ዳኛዋ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳሉ ሽማግሌ እንደመጣብዎ አወሩን። ለርዕሰ መምህሩ ተናግረው ጋብቻው ቀረ፤ አባትዎ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አላነጋገሩዎትም። እኔን የያዘኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ሌላ ተናጋሪ ቢሆን «አባቴም ወዲያው ገባውና ታረቅን» ብሎ ያሳምርልን ነበር። እርስዎ ዋጋውን ሳይሸፍኑ ነገሩን። ጋብቻ በሕግ ከ18 ዓመት በፊት እንደማይፈቀድም የዚያን ቀን ነው ከነምክንያቱ የሰማሁት።

በማግሥቱ ዓመት፣ 2015 ላይ፣ የእናቴ በርበሬ ከሥሩ እየጠወለገ አለቀ። ጠዋት ደህና የነበረው ተክል ማታ አንገቱን ይደፋል። የቤት ኪራዬም፣ የደብተሬም ገንዘብ እሱ ነበር። ወዲያው ሽማግሌ መጣ። አጎቴ «በዚህ ችግር ላይ የሚበላ አፍ መቀነስ ነው» አለ። እኔ የእርስዎን ቃል ለእናቴ ነግሬያት ነበር፤ ሕጉን፣ ዕድሜውን፣ አባትዎ ያኮረፉበትን ሳይቀር። እማ ሽማግሌዎቹን ጠላ ቀድታ አስተናገደቻቸውና «በርበሬዬ ሞተ እንጂ ልጄ አልሞተችም» ብላ ሸኘቻቸው። አጎቴ ለፋሲካ ቤታችን ሳይመጣ ቀረ። ኩርፊያው እንደሚያልፍ ስላወቅሁ አልደነገጥኩም።

መሐንዲሷ፣ አንቺ «አንቱ አትበሉኝ» ብለሽናልና አንቺ ልበልሽ። ፍሬሽማን እያለሽ በሒሳብ ኤፍ አምጥተሽ ሽንት ቤት ገብተሽ ያለቀስሽውን ሳትደብቂ ነገርሽን። የመንገድ ሥራ ላይ ሰዎች ፊትሽ ቆመው «መሐንዲሱ መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው እንደሚጠይቁሽም። በጣም ሳቅን። ያ ኤፍ ግን በኋላ ጠቅሞኛል።

የ2016ን የግጭት ነገር የጎጃም ሰው ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ መንገድ ይዘጋል፤ ኔትወርክ የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በዚያ ሁኔታ ጨርሼ ተፈተንኩ፤ ከ600 ያመጣሁት 178 ነው። ማለፊያውን ላላገኙ ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ለሪሚዲያልም አልደረሰ። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ያለፈው 5.4 በመቶ ብቻ ስለሆነ «ብዙ ነን» ብሎ መጽናናት ይቻል ነበር። እኔ አልተጽናናሁም፤ ራሴን ያመኝ ጀመር።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ለራስ ምታቱ ነበር። እርስዎ፣ አዋላጇ፣ ኮሪደር ላይ አይተውኝ «ያኔ ስናወራ ፊት የተቀመጥሽው አይደለሽም?» ብለው አስቆሙኝ። ስንት አመጣሽ አሉኝ፣ ነገርኩዎት። አላጽናኑኝም። ወረቀት አውጥተው 178ን ከማለፊያው 300 ቀነሱ፤ 122። ለስድስት ትምህርት አካፈሉት። «ከእያንዳንዱ ሃያ ምናምን ነጥብ ነው የቀረሽ። ሃያ ነጥብ ደግሞ ይጠናል» አሉኝ። ራስ ምታቱ እዚያው ለቀቀኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ፓራሲታሞልም ወስጃለሁ። ወረቀቷን ግን አልጋዬ ራስጌ ለጠፍኳት።

2017ን በግል ተፈታኝነት ተመዘገብኩ። አንድ ቢሮ «ስምሽ የለም» ብሎ ሦስት ቀን አመላለሰኝ፤ አራተኛው ቀን ተገኘ። ቀን ቀን ለነጋዴ በርበሬ እቀነጥሳለሁ፣ ማታ አጠናለሁ። በርበሬ ቀንጥሶ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እጅ ሦስት ጊዜ በሳሙና ቢታጠብም ማቃጠሉ አይለቅም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሲጥለኝ ዓይኔን አሸሁትና እስኪነጋ ሳለቅስ አደርኩ። አከራዬ እትዬ በር አንኳኩተው «ምን ሆነሽ ነው?» ቢሉ «ፊዚክስ» አልኳቸው። «አይዞሽ፣ ያልፋል» ብለው ተመለሱ።

የዶክተር ሰገነትን ታሪክ በደንብ ያነበብኩት በዚያ ክረምት ነው። በልጅነታቸው አንበጣ መጥቶ የአካባቢውን አዝመራ ጠርጎ ሲበላ አይተው ነው ግብርና ያጠኑት። የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆኑ፤ ኮሎምቢያ ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ መርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የሎሪያል ዩኔስኮን ሽልማት አግኝተዋል። እኔን ያስደነቀኝ ሽልማቱ አይደለም። አንበጣው ነው። እሳቸውም እንደኔ የሞተ አዝመራ አይተዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ፎቶው ከግድግዳ ወርዶ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ።

ደብረ ማርቆስ ሄጄ ተፈተንኩ። መስከረም ላይ ውጤት ሲለቀቅ በሰው ስልክ አየሁት፤ 319። በአገር ደረጃ ካለፉት 8.4 በመቶዎቹ አንዷ ሆንኩ። እማ ቁጥሩን ስነግራት «ከስንት?» አለችኝ። ከ600 ስላት ትንሽ ቅር ያላት መሰለኝ።

አሁን ፍሬሽማን ነኝ። ዲፓርትመንት ስንመርጥ የዕፅዋት ሳይንስ እሞላለሁ። «ይህን ሁሉ ተሠቃይተሽ ለግብርና?» የሚሉኝ አሉ። ያ በርበሬ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ለምን አንገቱን እንደሚደፋ የነገረን ሰው የለም፤ እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ። ማስተርሱም ፒኤችዲውም በዚሁ ላይ እንዲሆን አስቤያለሁ። የመጀመሪያውን የሒሳብ ፈተና ተፈትኛለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ለመሐንዲሷ ብቻ ነው የምነግራት።

ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፣ የጤና ዕድሜ ይስጣችሁ።

ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ እህቶቼ ደግሞ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ደብተሮቼ በሙሉ አከራዬ እትዬ ቤት አሉ። መምህራኖቻችንን ጠይቁ፣ ቤታቸውን ያሳዩዋችኋል። መጥታችሁ ውሰዱ፣ በነጻ ነው። የባዮሎጂውን ስትገልጡ ግን በርበሬ ስለነካው ዓይናችሁን እንዳትነኩ።