16 ሰዓት ተኩሉን መንገድ 9 ሰዓት ተኩል ስላደረገው ወረቀታችሁ

ለጉዞ ወኪሉ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ በተሳሳተ የበረራ ሰዓት ምክንያት የቀረበ ቅሬታ

በሐምሌ ወር እናቴን ከኮምቦልቻ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ዋሽንግተን ስንልክ ትኬቱን የቆረጥነው ከእናንተ ቢሮ ነው። ከትኬቱ ጋር ማኅተማችሁ ያረፈበት አንድ ገጽ የጉዞ መግለጫ ሰጥታችሁናል፤ የአገልግሎት ክፍያም ተቀብላችሁበታል። ቅሬታዬ በዚህ ገጽ ላይ ነው።

መግለጫው ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለውን ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር፣ የበረራውን ጊዜ ደግሞ 9 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይላል። ከቦሌ መነሻው ከምሽቱ 4፡20፣ መድረሻው ከጠዋቱ 1፡50 ስለሆነ ሠራተኛችሁ አንዱን ከሌላው ቀንሶ ጽፎታል። ትኬት ላይ የሚሰፍረው ግን የየከተማው ሰዓት ነው። በእኛ ክረምት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ ጉዞው፣ ነዳጅ ለመቅዳት በመንገድ የሚታረፍበትን ጨምሮ፣ 16 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለ፣ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይቸገራል፤ ማረፊያው የመጣው ከዚህ ነው። በመግለጫችሁ ላይ ስለ ማረፊያው አንድም ቃል የለም።

የራሳችሁን ርቀት ለራሳችሁ ሰዓት ብታካፍሉት እንኳ በሰዓት 1,200 ኪሎ ሜትር ይወጣል። የመንገደኛ አውሮፕላን 900 ገደማ ነው የሚበረው።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ነርሷ መግለጫችሁን አንብባ «እማማ፣ የማታውን ቦሌ ይወጉ፣ የጠዋቱን እንደደረሱ» አለቻት። እናቴም የተባለችውን አከበረች። አውሮፕላኑ ለነዳጅ ሲያርፍ የደረሰች መስሏት ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዘንቢሏን ይዛ ተነሳች፤ አስተናጋጇ በምልክት መልሳ አስቀመጠቻት። መድኃኒቱ እጇ ላይ እያለ «ገና አልደረስኩም» ብላ ሳትወጋ ቀረች። እህቴ ስትቀበላት አፏ ደርቆ፣ እግሯ እየተብረከረከ ነበር፤ ስኳሯም በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ።

ስደውልላችሁ «ሰዓቱ ከአየር መንገዱ የመጣ ነው» ተባልኩ። ከአየር መንገዱ የመጣው መነሻውና መድረሻው ነው፤ እሱ ትክክል ነው። መቀነሱ የእናንተ ነው።

የመመለሻውን በረራ ደግሞ በዚያው ስሌት 20 ሰዓት ብላችሁታል። በአንድ መስመር ሲሄዱ 9 ተኩል፣ ሲመለሱ 20! መመለሻው ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት ገደማ ነው። በዚህ ላይ የመሄጃውን መነሻ «ደሴ አውሮፕላን ማረፊያ» ብላችሁ ጽፋችኋል። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እኛ ስለምናውቀው አልተሳሳትንም፤ ከወረዳ የሚመጣ እንግዳ ግን ደሴ ውስጥ ሲፈልገው በረራው ያመልጠዋል።

እናቴ የምትመለሰው በመስከረም ነው። ከዚያ በፊት የየበረራውን ትክክለኛ ርዝመትና የአውሮፕላን ማረፊያውን ቦታ የያዘ አዲስ መግለጫ በጽሑፍ እንድትሰጡኝ፣ የተሳሳተው የተዘጋጀበትን የአገልግሎት ክፍያም እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። በዚሁ ቅጽ መግለጫ የሰጣችኋቸው ሌሎች መንገደኞችም ካሉ ሳይነሱ ደውላችሁ አሳውቋቸው።

ከሰላምታ ጋር
የተጓዧ ልጅ፣ ደሴ