የገለባ ባርኔጣውን የጎነጎኑት ሴቶችና ልጆች ናቸው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ልጆች አለባበስ ያወጣችሁት ጽሑፍ የገለባ ባርኔጣን «የፋብሪካ ውጤት» ብሎ ማለፉ አግባብ አይደለም። ጉንጉኑ ለብዙ ዓመታት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ባለው በኒው ኢንግላንድ አካባቢ መንደሮች፣ በሴቶችና በልጆች እጅ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1798 በዚያው አካባቢ በሮድ አይላንድ ግዛት የገለባ ባርኔጣ የሠራችው ቤትሲ ሜትካፍ ራሷ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች።

ሥራው ቀላል አይደለም። ራይ የሚባለው እህል አገዳ ሳይደርቅ፣ አረንጓዴ ሳለ ይታጨዳል፤ ከበሰለ ይሰባበራል። አንጓው ተቆርጦ ይወጣል፣ በድኝ ጢስ ይነጣል፣ ተሰንጥቆ ብዙ ጊዜ በ7 ዘለላ ይጎነጎናል። እንደ ሰፌድ አክርማ እርጥበቱ መጠበቅ አለበት፤ ደረቁ ገና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ስፌቱ ከአናቱ መሐል ተጀምሮ እየዞረ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ጠርዝ ይደርባል። ክፈፉ (ዙሪያውን የሚዘረጋው የባርኔጣው ጠርዝ) ላይ ሲደረስ ጉንጉኑን መሳብ አይገባም፤ ከተሳበ ክፈፉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሰበሰባል፣ ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ ይሞገዳል። በመጨረሻ እርጥቡ ባርኔጣ በእንጨት ቅርጽ ላይ ተወጥሮ በጋለ ብረት ይተኮሳል። የልጅ ባርኔጣ ትንሽ በመሆኑ የአናቱ መታጠፊያ ጠባብ ነው፤ ወፍራም ጉንጉን እዚያ ላይ ይቆማል እንጂ አይተኛም።

የገለባ ስፌት መኪና የተስፋፋው በክፍለ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በፊት ስፌቱ በእጅ ነበር። ማስተካከያውን በሚቀጥለው እትማችሁ እንድታወጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።